ጉንዳን የወረረው ባልዲ

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነዋ!

ቲማቲም የተከልኩበትን ባልዲ ጉንዳን ወረረው ብልህ በስልክ «የሳሙና ውሃ ርጪበት» ያልከኝን ረጨሁ። የሎሚ ልጣጭ ቀበርኩ፣ አቼቶም አፈሰስኩ። ጉንዳኑ ከምንም አልቆጠረኝም። ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ መቼም ታውቅበታለህ። ፍሊት እንዳልነፋ የምንበላው ቲማቲም ሆነብኝ።

የሚገርመው፣ በረንዳው ላይ ካሉት የቲማቲም ባልዲዎች ጉንዳን የሚወረው አንዱን ብቻ ነው፤ አባዬ መጸዳጃ ቤት እስኪደርስ አላስችለው ሲል የሚሸናበትን። ብጮህበት «ማዳበሪያ ነው፣ ዝም በይ!» አለኝ። ውሃ በጆግ እየጨለጠ እንዴት አይሸና! ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በገመድ አስሮታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው በሩን ጠርቅሞብኝ ይገባል። እኔ ስናገር ጭቅጭቅ ነው፣ አንተ ስትናገር ምክር።

ጉንዳን እንዲህ ሲሰለፍ ከዚህ በፊት ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ አጎታችን እግሩ ከመቆረጡ በፊት፣ ይሸናበት የነበረው አጥር ሥር።

ስለዚህ ሌላ የጉንዳን መላ እንዳትልክልኝ። ራስህ ና።

ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም ብለውሃል። እኔ ሰላም የምልህ በር ላይ ሳይህ ነው።

ታላቅ እህትህ