ውኃ ሳላይ የቧንቧ ባለሙያ ስላደረጉኝ

ለተከበሩ የቧንቧ ሥራ ማሠልጠኛ ተቋም ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤትዎ ደረቅ፣ ጣሪያዎ የማያፈስ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ ፊርማ በማዕረግ የተመረቅሁ የቧንቧ ባለሙያ ስሆን፣ ይህን የምጽፍልዎ ከሰው ዓይን ተሸሽጌ ከተቀመጥሁበት ክፍል ነው።

አንደኛ፣ በሥልጠናው ዘመን ሁሉ ልብሳችን እንዳይረጥብ ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። የመለማመጃው ክፍል ውኃ ያልገባለት በመሆኑ ቧንቧ የምንገጥመው በደረቁ ነበር። ፈታኛችንም ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን ያዩና አንዲት ጠብታ ስለማያገኙ ሙሉ ውጤት ይሰጡን ነበር። በእርስዎ ተቋም የማንም ሥራ አፍስሶ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ መጋጠሚያው እንዳያፈስ በቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ቴፕ እንዳይባክን፣ አንዱ የጠመጠመውን ሌላው እየፈታ እንዲማርበት ማድረግዎ ቁጠባን አስተምሮናል። እኔም ከመጠምጠሙ ይልቅ በመፍታቱ ተክኛለሁ።

ሦስተኛውን የምጽፈው እያፈርሁ ነው። አማቴ የምስክር ወረቀቴን ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለው፣ የወጥ ቤታቸውን ቧንቧ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም ብለው ጠበቁኝ። ገጠምሁት፤ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ጠብታ የለም። ጎረቤቶቻቸው ሊያዩ በተሰበሰቡበት ዋናውን የውኃ መዝጊያ ስከፍት ግን ውኃው ከየመጋጠሚያው እየተፈናጠረ ምንጣፉን፣ የዱቄቱን ከረጢትና የአማቴን ቀሚስ አዳረሰ። ውኃ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አልተማርሁምና ደርቄ ቀረሁ። መዝጊያውን ሮጠው የዘጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያም ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞር ብለው፣ «ቧንቧው ነው ያረጀው፤ ልጄ ምን ያድርግ» አሉ።

ቧንቧው አዲስ ነበር፤ የገዙትም ራሳቸው ናቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥሁም፤ ባለቤቴ ብቻዋን ትሄዳለች። እሳቸው ግን ልጄ መጥቶ ይጨርሰዋል እያሉ፣ ሌላ ባለሙያ ሳይጠሩ፣ ዛሬም ከጓሮ በባልዲ እየቀዱ ሳህን ያጥባሉ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደገና ይቀበሉኝና በዚህኛው ጊዜ እባክዎ ውኃ ባለበት ያሠልጥኑኝ። እኚህ ሴት ስለ እኔ ሁለተኛ እንዲዋሹ አልፈልግም።

በማዕረግ ተመርቆ አንገቱን የደፋው፣
ውለታዎን የማይረሳው የቀድሞ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ የቢሮዎ ቧንቧ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ከዚያ ሁሉ ተመራቂዎ አንዱንም ሳይጠሩ ከውጭ ሰው እንዳስመጡ ሰማሁ። አልተቀየምሁም፤ የእርስዎ ቧንቧ ውኃ አለበት።