ሦስተኛው እግር

ቀራንዮ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 18 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ጉልላት፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ፈርቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ከሰው አፍ ከምትሰማ እኔው ልንገርህ።

ከሞትክ ሦስት ሳምንት ሆነ። በዚያ በአስኮው ሠርግ፣ አንድ እጅህ ጊታሩ ላይ እንዳለ በሌላው ማይክሮፎኑን ስትጨብጥ ተንዘፍዝፈህ ወደቅክ። ሰው ትርኢት መስሎት አጨበጨበ። አክስቴ ዘመነች "የሰው ዓይን በላው" ትላለች፤ ሰፈሩም አምኗል። ዓይኑ ያላረፈብህ ማን አለ? አንተ ባንዱን ከመሠረትክ ወዲህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የዘይት ቆርቆሮ ላይ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጥሮ ይገዘግዛል። ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ገሜዳ እንኳ "ያ ጎፈሬ እንጀራዬን ዘጋው" እያሉ ያሙህ ነበር።

እኔም እስከ ሐሙስ ዓይን ነው ብዬ ነበር። ሐሙስ የሳይንስ መምህራችን የስፒና ሦስተኛ እግር የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንደሚወስድ አስተማሩን። "እሱ ከሌለ ሰው ይሞታል" አሉ። ያ አስኮ ይዘኸው የሄድከው አዲሱ አምፕሊፋየር የመጣ ቀን የቤታችን ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ፣ "እስቲ እንዲገባ አድርገው" አልከኝ። ሦስተኛውን እግር በመጋዝ ቆረጥኩት። "ጎበዝ" አልከኝ።

ትናንት ሽኩር መጣ። ያው አንተ ያስተማርከው፣ አሁን በቦታህ የገባው።

"እሁድ አየር ጤና ግብዣ አለብን፤ ቃል የገባው ጉልላት ራሱ ነው" አለ። "ጣቶቼ የሱ አይደሉም እንጂ ፀጉሬስ ደርሶበታል።"

አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ሲወጣ በሩን ያዝኩለት። ብናገር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወንድሙን የገደለ እባላለሁ።

አክስቴ ማታ ወደ ቤቷ ሄደች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። አልጋህን አነጠፍኩ። ቁርሴን ሳልጨርስ ተነስቼ እስከ ሽኩር ቤት ሮጥኩ። ገና ከአጥሩ ውጭ ጊታሩን ሲቃኝ ሰማሁት። እናቱን እማማ ዙቤዳን ሰላም እንኳ ሳልል ገባሁ። ሽኩር ገና በተወለወለው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ ቆሟል። ስፒናውን ከግድግዳው ነቀልኩት።

"ምን ነካህ አንተ ልጅ?"

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት።

ጊታሩን ከአንገቱ አውልቆ አስቀመጠ። ስፒናውን አንስቶ አገላበጠው። እግሩን አይቶ ወደ ደረቁ ፈቀቅ አለ።

"ለረሻድም አንተው ንገረው" አለኝ። "ከጉልላት ጎን ሆኖ ድራም ሲመታ የነበረው፣ ሲወድቅም ያቀፈው እሱ ነው። እኔ አልችልም።"

እስከ ረሻድ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣና ከኋላዬ ቆመ። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

ነፍስህ ያለችበት ደጅ ሁሉ ይከፈትላት።

ታናሽህ ኃይለመስቀል