ከሞተር ሳይክል ሠሪዎቹ ታሪክ የጎደለው ገጽ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3፣ ከቁርስ በኋላ
ታጥበዋል። ለብሰዋል። ሁለት ኪኒን አስዋጥኩ፣ አንዱን ተፍተውታል። ሚስ ኢዲት አሁን መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ያስጽፉኛል። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ አስታማሚያቸውም ጸሐፊያቸውም እኔ ነኝ። ከምኖርበት ከሴንት ጄምስ ታውን ከተማውን አቋርጬ እዚህ ኢቶቢኮ፣ እሳቸው ቤት ድረስ የምመጣበት መንገድ ዛሬ አልከበደኝም።

ታሪኩ የቤተሰባቸው ነው። አያታቸውና ሁለት ወንድሞቹ፣ እንግሊዝ አገር፣ በወንድማማቾቹ እናት ጓሮ ብስክሌት ይጠግናሉ። ከዚያ ብስክሌት ላይ የተገዛ ሞተር ይገጥማሉ። ቆይተው ሞተሩንም ራሳቸው ይሠራሉ። እናት ለሠራተኛው ሾርባ ትሠራለች። የሦስቱ ወንድማማቾች እህት ሮዝ ቀለም ቀቢ ናት፤ የነዳጅ ታንኩ ላይ ወርቃማ መስመር በቀጭን ብሩሽ ትስላለች። መካከለኛው ወንድም ዊል አዲስ የተሠራውን ሁሉ እየነዳ ይፈትናል። የሚስ ኢዲት ወንድም ልጅ፣ ማርቲን፣ ይህን መጽሐፍ አድርጎ ሊያሳትመው ነው።

ደስ ይላል፣ ማስታወሻዬ። ሺፍት አይመስልም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ዛሬ ሌላ ነገር መጣ። ዊል የሞተው ዳገት ላይ ሲነዳ ነው። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ፍጥነት ገደለው ይላል። ውሸት ነው አሉ ሚ.ኢ. (ሚስ ኢዲት)። የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት ተሰንጥቆ ነበር። ሮዝ ስትቀባ አይታ ለወንድሟ፣ ለሚ.ኢ. አያት፣ ነገረችው። ኤግዚቢሽን ደርሶበታል፤ “ቀቢበት” አላት። ቀባችበት፤ ዊል ያንኑ ነዳ። ይህን ለሚ.ኢ. የነገረቻቸው ራሷ ሮዝ ናት፣ አርጅታ።

ጻፍኩ። ሲጨርሱ አለቀሱ። ያው አያታቸው፣ በልጅነታቸው ታንኩ ላይ አስቀምጦ ግቢውን ያዞራቸው ነበር።

“እወደዋለሁ። ቢሆንም ጻፊው” አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8
ማርቲን መጣ። ትሁት ነው፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ሚ.ኢ. ተኝተዋል። ኩሽና ቆሞ ገጹን አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። አክስቴ እየቃዠች ነው አለ። የሞተ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም፣ የቤተሰቡ ስም ይጠፋል። ገጹን ስጪኝ፣ ለእሷ አትንገሪ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ “እዚህ የቀጠረሽ ኤጀንሲ የቤተሰብ ምስጢር እንደምትጽፊ ያውቃል?”

ሰጠሁት። ምን አስቸኮለኝ? ሁለተኛ እንኳ አልጠየቀኝም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9
ለታላቅ እህቴ ለአልማዝ ነገርኳት። “አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ ማጠብና ማልበስ ነው። የሰው አያት ምን አገባሽ?” አለች። ልክ ናት።

ልክ አይደለችም። ሮዝንም ወንድሟ አዘዛት፣ እሺ አለች። እኔስ ምን አልኩ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11
“የዊልን ገጽ አንብቢልኝ” አሉ። ቤት ረሳሁት አልኩ። “ግድ የለም፣ ልጄ።” አመኑኝ! መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ ማጠፍ ጀመርኩ። የታጠፈውን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12
ነገርኳቸው። ካፖርቴን ሳላወልቅ።

“ቀማሽ ወይስ ሰጠሽው?”

“ሰጠሁት።”

“ፈርተሽ?”

“አዎ።”

ቁርሱን ገፉት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ውጪልኝ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ነው ዞር ያሉት። “ሮዝ ለመናገር ሃምሳ ዓመት ፈጀባት። አንቺ አራት ቀን። ወረቀት አምጪ።”

እንደገና ጻፍን። ባለፈው ያላስጻፉኝን ጨመሩ፦ አያታቸው ከቀብር መልስ ኤግዚቢሽኑን ትቶ ወርክሾፑን እንደ ዘጋ፣ ከሮዝ ጋር እስኪሞት በአንድ ገበታ እንዳልተቀመጠ። ከሥር ራሳቸው ፈረሙ። ፊርማው መስመሩን ስቶ ወጥቷል፣ ግን ስማቸው ይነበባል።

ማርቲን ኮል ሲያደርግ ስልኩን ከእጄ ወስደው ነገሩት። ጩኸቱ እኔ ድረስ ይሰማል። “ገጹ መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ስሜም አይኑር” ብለው ዘጉት።

ባስ ላይ ሳለሁ ከኤጀንሲው ቴክስት ገባ። ነገ ጠዋት ቢሮ እፈለጋለሁ።

እሄዳለሁ። አዎ፣ ጽፌያለሁ እላለሁ። ገጹን ለማርቲን መስጠቴንም እናገራለሁ፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ካላባረሩኝ በሺፍቴ እሳቸው ጋ እመለሳለሁ። ካባረሩኝም እንደ እንግዳ በሩን አንኳኳለሁ።