«ብርድ ነው» ያልነው ሳል

ወንድም ጋሼ፣

ከሥራ ስትገባ ቤቱን ባዶ ታገኘዋለህ። አባባን ጠዋት ሆስፒታል አስገብቼው፣ አሁን ልብሱን ልወስድለት ነው የመጣሁት። ታክሲው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

«ብርድ ነው፣ ያልፋል» ያልነው ሳል የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው ወደ ደሙ ገብቷል። ሐኪሟ «ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል። መከላከያ ክትባቱን ወስደዋል?» ብላ ስትጠይቀኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ክሊኒኩ ለክትባቱ ሁለቴ ቀጥሮት ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንተ «መኪናው ጋራዥ ገብቷል፣ ሌላ ቀን እወስደዋለሁ» አልክ። እሱን አላነሳብህም። ሁለተኛውን ግን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ሲጠይቀኝ «ወደ ሌላ ሳምንት ተዛውሯል» ብዬ ዋሸሁት።

ምግብ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። አንተም እንደ እሱ ስኳር አለብህና ኢንሱሊንህን እንዳትረሳ። ስትመጣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ያዝለት፣ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ክሊኒኩ ሳይዘጋ ጎራ በልና ተከተብ። እኔን መስማት ደስ ባይልህም አባባን ስማው። ኦክስጅን ሲያደርጉለት እጄን ይዞ «ወንድምሽ ዛሬውኑ ይከተብ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።