ጣውንቴ የበረዶ ሜዳው

ሰይዶዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ኦስሎ ላይ በረዶ ሲወርድ ይህ ሁለተኛው ነው። አምና የመጀመሪያው ቀን መጋረጃውን ዘግቼ ዋልኩ። ዘንድሮ ግን ልጃችን ሐያት ቀድማኝ ተነስታ፣ መስኮቱን ከፍታ ስትስቅ ስላገኘኋት መዝጋት አልቻልኩም። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ያው አመሩድ ሰፈር፣ ያው ፎቅ ላይ ነን። እኔም አሁንም ባርነሃገው፣ ያው መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ፣ የሰው ልጅ ሳለብስና ሳወልቅ እውላለሁ። ልጅህ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች፤ ያንተን ያወለቀው የተጋጣሚ ዱላ መሆኑ ነው ልዩነቱ። የመግቢያችን ኮሪደርም መሽተት አቁሟል። ያን የበረዶ ሆኪ ቦርሳህን፣ ያን የረጠበ ጓንት ከቤቴ አውጣልኝ እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩ! አሁን ወጥቷል። ደስ አላለኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቅናቴ ነው። በሕይወት ሳለህ ስነግርህ፣ «በሴት ብትቀኚ ይገባኛል፤ በበረዶ የሚቀና ሰው ግን አላየሁም» እያልክ ትስቅ ነበር። ጣውንት ያለባት ሴት እኮ ቢያንስ ተራዋን ታውቃለች። የእኔ ጣውንት ጠዋቱን ለልምምድ፣ ማታውን ለግጥሚያ፣ ቅዳሜውን ለጉዞ ወስዳ የምትመልስልኝ ጉልበቱ ያበጠና እንቅልፍ የያዘው ሰው ነበር።

እኔ ሳላውቅህ ነው የወሰደችህ። ከደሴ በልጅነትህ መጥተህ፣ ክረምት ሲገባ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ውሃ ረጭተው በረዶ ሲያደርጉት አይተህ በዚያው ቀረህ። አባትህ ታክሲ እየነዱ ያሳደጉህ ሰውዬ፣ ልጆቹ በዱላ ያቺን ጥቁር የጎማ ክብ ሲያሳድዱ አይተው፣ «ይህማ ገና ጨዋታ አይደል እንዴ! እኛ አገር በባዶ እግር ነው» ብለው ያገለገለ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ገዙልህ። ጢምህ በቅጡ ሳይወጣ ዋናው ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ አጥቂ ሆንክ። ስዊድን ሄደህ፣ ሰላምታህን የሚመልስልህ አንድ ሰው በሌለበት ከተማ ተጫውተህ ተመለስክ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ ሰው አፍ ነው። አንተ ስለ ጎልህ ማውራት አትወድም ነበር።

ፕሪንስዳል ሰፈር፣ የዘመድ ሰርግ ላይ ያየሁህ ቀን አንድ ዓይንህ አብጦ ነበር። ተደባድቦ የመጣ ዱርዬ ነው ብዬ ወንበሬን ሳርቅ፣ ሳህንህን ይዘህ ተከተልከኝ። የራሳችን ኒካህ ደግሞ ቡድንህ ለዋንጫ ስላለፈ ተላለፈ። እናቴ ከደሴ ደውላ፣ «ልጄ፣ ሰውየው ወታደር ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ እማ፣ ተጫዋች ነው።»

«ታዲያ ጨዋታ ነዋ! ጨዋታ ይቆይ አይባልም?»

አይባልም ነበር፣ ሰይዶ።

ከሁሉ የቀናሁት ግን በቡድን ጓደኛህ በላርሽ ነው። አንተ ግራ፣ እሱ መሐል፤ አሥር ዓመት ጎን ለጎን ስትሮጡ ኖራችሁ። እኔ ከኩሽና ሦስቴ ጠርቼህ የማትሰማ ሰውዬ፣ እሱ ሳይጠራህ፣ ሳያይህ፣ የምትደርስበትን ቦታ አውቆ ይሰጥህ ነበር። ረመዳን ላይ ጾመህ ስትጫወት ትዝ ይልሃል? እኔ ሾርባውን አሙቄ፣ ሳምቡሳውን ሸፍኜ ቤት ስጠብቅህ፣ የመግሪብ ሰዓት አንተን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያገኝሃል። ቴምሩን ከጓንቱ አውጥቶ የሚያጎርስህ ላርሽ ነበር። በቴሌቪዥን አየሁት። የባሌን ጾም ያስፈታው የኖርዌይ ሰው መሆኑን ሳይ፣ ወላሂ፣ ሳምቡሳውን ብቻዬን በላሁት።

ሆስፒታል ተኝተህም እንደዚያው ነበር። እኔ ስገባ ሕመምህን ደብቀህ ዝም ትላለህ፤ ላርሽ ሲመጣ በስልኩ ግጥሚያ እያያችሁ ትስቃላችሁ። አንድ ቀን ከበሩ ውጪ ቆሜ ሳቅህን ሰማሁ። የመጨረሻው ሳቅህ ለእኔ አልነበረም።

ከሞትክ በኋላ ክለቡ ማሊያህን ለክብርህ መጫወቻ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ሐያትን ይዤ ሄድኩ። ሕዝቡ ቆሞ ስምህን ሲጠራ፣ አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሽማግሌ ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «የእኛ ነበር» አሉኝ። ማን መሆኔን አላወቁም። «የእናንተስ ማሊያው ነው» ልላቸው ከአፌ ላይ መለስኩት። ሺህ ሰው በባሌ ሲያለቅስ የእኔ እንባ የት እንደገባ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ላርሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሐያትን ላምበርትሴተር ሰፈር፣ ቤቱ አጠገብ ወዳለው የውጭ የበረዶ ሜዳ ይወስዳት ጀመር። ስትመለስ አፏ ሙሉ አንተ ነህ። አባዬ እንዲህ ይዞር ነበር፣ አባዬ እንዲህ ይመታ ነበር። ስለ አባቷ የምትጠይቀው እኔን መሆኑ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሜ ላርሽን፣ «ዛሬ እኔ ነኝ የምወስዳት» አልኩት።

ጫማዬን አየ። «በረዶ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ባሌ ግን ያውቅ ነበር» አልኩት።

መኪናው ውስጥ ያስቀመጠውን የሐያትን ራስ ቁር አውጥቶ ሰጠኝና ሄደ።

ማዘጋጃ ቤቱ በነፃ ከሚያውሰው ቦታ በልኬ መንሸራተቻ ጫማ ተዋስኩ። ሰይዶ፣ ያን ሁሉ ዘመን በዚያ ቀጭን ስለት ላይ እንዴት ቆምክ? ገና አጥሩን ስለቅ ወደቅሁ። ተነሳሁ፤ ደግሞ ወደቅሁ። ሒጃቤ ዓይኔን ሸፈነው። ሐያት እጆቼን ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች፣ «ናይ፣ እማዬ! እንደሱ አይደለም! ጉልበትሽን እጠፊ፣ መሬት መሬት አትዪ!» ትለኛለች።

«ላርሽ ነው ያስተማረሽ?»

«ናይ፣ እሱ አይደለም። አባዬ ነው። አንቺ ሥራ ስትገቢ፣ ሳይታመም፣ እዚህ ያመጣኝ ነበር። ‹እማዬን አንድ ቀን እናመጣታለን፤ አሁን ግን ትቆጣናለች› ይለኝ ነበር።»

እዚያው በረዶው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላውቅም። በልጄም ቀናሁ። እኔ የሌለሁበት፣ የማላውቀው ጠዋት ነበራችሁ። ግን በዚያ ጠዋት ውስጥ እኔም ስሜ ተነስቷል። ልታመጣኝ አስበህ ነበር፤ ቁጣዬን ፈርተህ ዘገየህ፣ ከዚያ ጊዜው አለቀ።

ልጅህ ግን አላስቀመጠችኝም። ጎትታ አስነሳችኝና እጄን ለቀቀችው። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ቀና አልኩ፣ እግሬ በራሱ ሄደ። ከሜዳው ወገብ እስከ ጫፉ ድረስ ማንም ሳይዘኝ ተንሸራተትኩ። ከእግሬ ሥር ያ ስስ ድምፅ፣ ፊቴ ላይ ነፋሱ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ባርነሃገው የለም፣ ኪራይ የለም፣ ሐዘን የለም። አጥሩን ጨብጬ ስቆም ነው መሞትህ ትዝ ያለኝ። ለዚያች ያህል ጊዜ ረስቼህ ነበር።

በረዶው ላይ ስትወጣ እኛን ለምን እንደምትረሳን ያን ጊዜ ገባኝ። ቅናቴ ግን አልበረደም፤ ባሰበት እንጂ። ይህን የመሰለ ነገር ልጅ ሆነህ አግኝተህ እስክትታመም ድረስ በየቀኑ ኖርክበት። እኔ የደረሰኝ ከሜዳ ወገብ እስከ አጥር ነው።

ላርሽን ደውዬ ጠርቼዋለሁ። ቅዳሜ ሦስታችን እንሄዳለን። እሱ ሐያትን ጎል ማግባት ያስተምራል፤ እኔ ዳር ዳሩን እለማመዳለሁ።

አላህ በራሕመቱ ይቀበልህ፣ የእኔ ጌታ። ሕዝቡ ጎሎችህን ያስታውስልህ፤ እኔ አልጋራውም። እኔ የማስታውሰው ሳህኑን ይዞ ወንበር ለወንበር የተከተለኝን፣ ቁጣዬን የሚፈራውን ሰውዬ ነው። እሱን ለማንም አላካፍልም። ወዳንተ እስክመጣ ድረስ ቀንቼ አስታውስሃለሁ።

ያንተው
ዘይነብ