ያለበት እየታወቀ «አልተገኘም» ስለተባለው ፋይል፣ ለኮምፒውተር ክፍል ኃላፊያችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ደምዎ ለምርመራ ወደ እኛ ላቦራቶሪ የሚመጣበት ቀን እንዳይኖር ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ደም የምመረምር ባለሙያ ነኝ። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ አይደለም፤ ከማክሰኞ ወዲህ ምንም አይሰማኝም።

አንደኛ፣ ሰኞ ዕለት ኮምፒውተሮቻችንን ስላጸዱልን አመሰግናለሁ። የእርስዎ ሠራተኞች ትናንት እንዳስረዱኝ፣ የምርመራ ውጤት የሚያሳየን ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ በተከፈተ ቁጥር ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚጋራቸውን ላይብረሪ የሚባሉ ፋይሎች ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም በዝርዝር በተመዘገቡለት ቦታዎች ብቻ ነው። እርስዎ ፋይሎቹን «ንጹሕ» ብለው ወደሰየሙት አዲስ ፎልደር በሥርዓት አዛወሯቸው፤ ዝርዝሩን ግን ሳያድሱት ቀሩ። ፕሮግራሙም የለመደውን ቦታ አይቶ «ፋይሉ አልተገኘም» እያለ ይዘጋል። ፋይሉማ አለ፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብን እንጂ።

ሁለተኛ፣ ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በአካል ስለመጡልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በራስዎ ስም ገብተው ከፈቱት፤ ተከፈተም። በእርስዎ ስም ለሚገባ ሰው ብቻ አዲሱ ፎልደር እንዲታይ ቀደም ብለው አስተካክለው ኖሯል፤ ይህንንም ያወቅነው ትናንት ነው። «እኔ ጋ ይሠራል፤ እናንተ አትችሉበትም» ብለውን ዘግተውት ሄዱ። በእኛ ስም ስንገባ ያው ነው። ስድስት ጊዜ ደወልን፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ጠዋት ናሙናዎች አንዱ የአክስቴ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ኩላሊቷ ስለደከመ ሐኪሙ የደሟን ፖታሲየም መጠን ይጠብቅ ነበር፤ ከስድስት ካለፈ ልብ ሊያቆም ይችላል፣ ቶሎ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው። ማሽኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለክቶ ጨርሷል፤ የራሱ ስክሪን ስለሌለው ግን ውጤቱ የሚታየው በዚያ ፕሮግራም ብቻ ነው። ኮሪደሩን አራት ጊዜ ተመላልሼ ለሐኪሙ «ገና ነው» አልኩት። ስምንት ሰዓት ላይ አረፈች። ተመልሼ በቀሩት ቱቦዎች ላይ ስም ለጠፍኩ። አላለቀስኩም፤ እስካሁንም እንባዬ አልመጣም።

አራተኛ የለኝም።

ለንጽሕና ያለዎትን ትጋት በማድነቅ፣ ሰላምዎ እንዳይናጋ በመመኘትና ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ በመጠየቅ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የላቦራቶሪው ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት በእርስዎ ስም ገብቼ ዝርዝሩን አድሼዋለሁ። የይለፍ ቃልዎን ሲጽፉ ፊደል በፊደል ጮክ ብለው ስለሚጠሩት ክፍላችን በሙሉ በቃሉ ይዞታል። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ስድስት ሰከንድ ፈጀ። መጀመሪያ የወጣው የአክስቴ ውጤት ነው፤ ሰባት ነጥብ አንድ። ደንቡ ስለሚያዝዝ አትሜ ለሐኪሙ አድርሻለሁ፤ ግልባጩ ለእርስዎ ነው።