አንድ ፎቅ ያስጨመሩት እናታችን

ጎረቤት ሁሉ «እትዬ ሜትር» እያለ የሚጠራቸው ውድ እናታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. በዚሁ ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው በሆስፒታል የልብስ ስፌት ክፍል ተቀጠሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዋን ሰፍተዋል። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ገበያ ስለሚወጡ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። አምስት ሆነን በአንዲት ጣሪያዋ በምታፈስ ክፍል ስንኖር፣ «ጎረቤት ካለ ቤት አይጠብም» ይሉን ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የሰፈሩ የኪራይ ቤቶች ፈርሰው በፎቅ እንደሚተኩ ተነገረ። በስብሰባው መሐንዲሱ ፕላኑን ሲዘረጋ ሰው አጨበጨበ። እናታችን ግን መነጽራቸውን አድርገው በሮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩና፣ «ልጄ፣ እዚህ ያለው አርባ ስምንት ቤት ነው፤ እኛ ስልሳ አራት ነን። ጨርቁ ሳይበቃ መቀስ አይነሳም» አሉት። ለተቀሩት ሌላ ቦታ እንደሚፈለግ ሲመልስላቸው፣ «የተቀሩት እነማን ናቸው? እስቲ ስማቸውን ጥራልን» አሉት።

ለእሳቸው ከአርባ ስምንቱ አንዱ ተመድቦላቸው ነበር። ቢሆንም የቤት መልቀቂያውን ውል አልፈርምም አሉ። ሰባት ወር ሙሉ ከደጅ ደጅ፣ ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። ቤት የደረሰው አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን «ያገኘሁትን ሊያሳጡኝ ነው» ብሎ አኮረፋቸው፤ እሳቸው ግን ሰላምታቸውን አላጓደሉበትም። በስድስተኛው ወር ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀና አብሯቸው ይዞር ጀመር። በመጨረሻ መሐንዲሱ ፕላኑን አሻሽሎ አንድ ፎቅ ጨመረ፤ ኪራዩ እንደማይንርም በጽሑፍ ተረጋገጠ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስልሳ አራቱም ቤተሰብ ተመለሰ። ዕጣ ሲወጣ እናታችን የተጨመረው አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። «አፌ ያመጣውን ጉልበቴ ይወጣዋል» ብለው ሰፈሩን አሳቁት። በዚያች ቤት አባታችንን በክብር ጦሩ፣ ልጆቻቸውን ዳሩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን አሳደጉ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ከእኅቴ ጋር ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ «ዛሬ ፀሐዩ እንዴት ደስ ብሎ ገብቷል» ብለው ዐይናቸውን ከደኑ። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ፈጣሪ ለደከመ ጉልበታቸው ዕረፍት፣ ለነፍሳቸው ብርሃን ያድልልን፤ ልታጽናኑን የመጣችሁትን ሁሉ ከነቤተሰባችሁ በሰላም ያኑርልን።